የልደታው ኬኩኩ

ልደታ ለድምፅ እንግዳ ሰፈር አይደለም። ቦሌ ገና ሜዳ ሳለ የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ ልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የባለ ሁለት ሞተር ዳግላሶቹን ጩኸት አስቀድሞ የጠገበው የዚህ ሰፈር ጆሮ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሄደ፤ መስከረም 2008 ላይ ደግሞ የከተማው ባቡር መጣ። ሌሊት የልደታ ማርያም ማሕሌት በድምፅ ማጉያ ይወርዳል። ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ችሎት ሳይገቡ ሙግታቸውን ይጨርሱታል። በመሐል ቆራሌው ያልፋል። እናም እዚህ ሰፈር በጩኸት ተማርሮ የጎረቤት በር የሚያንኳኳ ሰው ማየት ብርቅ ነው።

ባለፈው ክረምት ግን ተንኳኳ።

ነገሩ የጀመረው ከኮንዶሚኒየማችን ሁለተኛ ፎቅ ማታ ማታ አንድ የሚሳብ፣ የሚያቃስት፣ መጨረሻው የማይታወቅ ድምፅ መሰማት ሲጀምር ነው። ምርመራው በየደጁ ተካሄደ። ከሥሩ የሚኖሩት እማማ «ድመት ናት፣ ግድግዳ ውስጥ ተቀብራለች» አሉ። አንዱ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው ብሎ በየፎቁ ዘይት ይዞ ዞረ። ጥበቃው ጋሼ ግን «የውሃ መስመሩ ነው፤ አየር ገብቶበታል» ሲሉ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። መስመር ውስጥ አየር ገባ ማለት ውሃ ሊመጣ ነው ማለት ነውና፣ የብሎኩ ግማሽ ጀሪካን ደርድሮ፣ ቧንቧ ከፍቶ እኩለ ሌሊት ድረስ ጠበቀ። ውሃ አልመጣም። ድምፁ ግን ቀጠለ። በሩን ያንኳኳው እንግዲህ የመጣለት ጩኸት ሳይሆን የቀረበት ውሃ ያናደደው ሰው ነው።

በሩን የከፈተው ጎረቤታችን አርባዎቹን የተሻገረ፣ መሥሪያ ቤት ሂሳብ የሚሠራ፣ ሰላምታው የማያልቅ ጨዋ ሰው ነው። ጭኑ ላይ ጊታር ተጋድሞ ነበር አሉ። ያፈረ እንዳይመስላችሁ። «ላፕ ስቲል እየተማርኩ ነው» አለ፤ ያንኳኳው ሰውም ነገሩ በሽታ ይሁን ኮርስ ሳይገባው «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ተመለሰ።

ላፕ ስቲል ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታር ነው። ሌላው ጊታር ላይ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከአንገቱ ጋር አጣብቀው ይጫኑታል፤ እዚህ መጫን የለም። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው ይወጠራሉ፣ ግራ እጅ የለሰለሰ የብረት ዘንግ ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ይመታል። ስለዚህ ዜማው ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እየተሳበ ይሄዳል። ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን እየሰማ ያደገ አዲስ አበቤ ስሙን ባያውቀው ድምፁን ያውቀዋል። ዘፋኙ ጥላው ስለሄደችው ሴት ሲተርክ ከኋላ ሆና የምታለቅስለት እሷው፣ ወይም ኋላ የተወለደችው ባለ ፔዳሏ ታናሽ እህቷ ናት።

አገሯ ግን የካውቦዮቹ አሜሪካ አይደለም፤ ሀዋይ ነው። ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ተማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዘዴውን እንደጀመረው ይነገርለታል። ታሪኩ ሲወራ፣ ልጁ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ሲሄድ ያገኘውን ብሎን አንስቶ የጊታሩን ክር ነካበት፤ ድምፁ ደስ አለው፤ ከዚያ የቢላ ጀርባ ሞከረ፣ ማበጠሪያ ሞከረ፣ በመጨረሻም የተስተካከለ የብረት ዘንግ አሠራ። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በየመድረኩ አሳየው፤ ሀዋይኛው ጊታር የአሜሪካንን ጆሮ ሙሉ በሙሉ ማረከ። ሪክንባከር የሚባለው ፋብሪካ በ1932 እ.ኤ.አ. ገበያ ያወጣው የኤሌክትሪክ ጊታርም ጭን ላይ የሚጋደም ነበር፤ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ሕዝቡ «መጥበሻው» ብሎ ጠራው። ዛሬ በየስታዲየሙ የሚጮኸው የኤሌክትሪክ ጊታር ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ይህ መጥበሻ ነው።

የብሎኑን ታሪክ ጎረቤታችን ለጥበቃው ጋሼ አጫወታቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከባቡር ጣቢያው በኩል በመጣ ቁጥር ጋሼ ኪሱን በዓይናቸው ይፈትሻሉ።

እዚህ ላይ ነው የምታዘበው። ኬኩኩ ብሎን አገኘ፣ ጀመረ። የእኛ ሰው ለመጀመር በመጀመሪያ መዘጋጀት አለበት። ጎረቤታችን አንድ ክር ከመንካቱ በፊት ስልኩ ላይ ስለ ላፕ ስቲል ያላየው ቪዲዮ አልቀረም። ዘንጉ ስንት ግራም ቢመዝን እንደሚሻል፣ ጫፉ ጥይት የሚመስለው ከድፍኑ በምን እንደሚለይ፣ የክሮቹን ድምፅ የሚይዘው ማይክ ባለ አንድ ጥቅል ቢሆን ወይም ባለ ሁለት ምን እንደሚያመጣ ያስረዳል። ያልጀመረ ሰው ባለሙያ ሆኖ መቆየት ይችላል፤ ባለሙያነቱ የሚያበቃው የጀመረ ቀን ነው። ይህን ሳያውቀው የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያዋን ቀን ገፋ፣ ገፋ አደረጋት።

ላፕ ስቲሉ ከውጭ እስኪመጣ በሚል ያገለገለ ጊታር ገዛ፤ የናይለን ክር ያለው። ብረት በናይለን ላይ ሲንሸራተት ሕይወት ያለው ድምፅ አይወጣም። ምን ቸገረው፣ ናይለኑን አውልቆ የብረት ክር ገጠመበት። የናይለን ጊታር ግን የተሠራው ለናይለን ውጥረት ነው፤ የብረት ክር የሚስበው ኃይል እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሌሊት ሁሉም በተኛበት ሆዱ ላይ ክሮቹን የያዘችው እንጨት ተነቅላ ተፈናጠረች። እማማ በማግሥቱ «ድመቷ ወጣች መሰለኝ» አሉ።

ሁለተኛው ጊታር ከፋብሪካው ለብረት ክር የተሠራ ነበር። ክሮቹን ከአንገቱ ከፍ ለማድረግ አናቱ ጋ ትንሽ ማዕዘን ብረት አስቆርጦ ከሥራቸው አስገባ፤ በእውነት ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፣ ውጭ አገርም ለዚሁ የሚሸጥ ማንሻ አለ። ዘንግ ሲቸግረው ከጋራዥ የካንዴላ መፍቻ ተዋሰ። ይህም ቢሆን እሱ የፈጠረው አይደለም፤ በመፍቻ የተጫወተ ስመ ጥር ሰው አለ። መፍቻውን ባለቤቱ መልሶ ሲወስድበት የአረቄ መለኪያ ሞከረ። ብርጭቆም ክር ላይ ደህና ይንሸራተታል። ችግሩ የሙዚቃ አልነበረም። ማታ ማታ መለኪያ ይዞ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ የሚያቃስት ባል ምን እየሠራ እንደሆነ ለጎረቤት ማስረዳት የሚስቱ ድርሻ ሆነ፤ እሷም በየቡናው «መጠጥስ አይጠጣም፣ ጊታር ነው» ስትል ሴቶቹ ራሳቸውን በአዘኔታ ይነቀንቁላታል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ መስከረም ሲጠባ የአጎቱ ልጅ ከአሜሪካ እውነተኛውን ላፕ ስቲል ይዞለት መጣ። ዲያስፖራ ሲመጣ በሻንጣው ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ኪሎ ባለቤት እንዳላት የምታውቁ ታውቃላችሁ። 23 ኪሎ በሚፈቀድለት ሻንጣ ውስጥ የአክስት ቫይታሚን አለ፣ የእህት ልጅ ጫማ አለ፣ ለማን እንደሆነ የማይነገር ስልክ አለ። ጊታሩ ሲገባ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወጡ። ዘመዱ ግማሹ ያኮረፈው ገና ዘፈኑን ሳይሰማ ነው።

መሣሪያው ደረሰ፤ እንግዲህ ይጀምራል ስንል ፎቶ ተነሣ። ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አዲሱ ጉዞዬ» ብሎ ለጠፈው። «እንኳን ደስ ያለህ»፣ «በርታልን»፣ «ኩራታችን ነህ» የሚል ዘነበለት። አንድ የድሮ ጓደኛው የታናሽ ወንድሙን ሠርግ እንዲያደምቅለት ቀን ቆረጠ። ይህን ሁሉ ሲሉት ክሮቹ ገና አልተቃኙም።

ቅኝቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፓርላማ ሆነ። ላፕ ስቲል ላይ ብረቱ ክሮቹን ሁሉ እኩል ስለሚያቋርጥ፣ ክሮቹ ሲፈቱ የሚሰጡት ድምፅ እርስ በርሱ የተስማማ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቅኝቱ ብዙ ነው፣ ወገንተኛውም ብዙ። አንዱ ወገን ኦፕን ጂ ይላል፤ ከተለመደው የጊታር ቅኝት ሦስቱን ክሮች በአንድ አንድ ቶን ብቻ ማላላት ስለሚበቃ ለጀማሪ የሚመከር ነው። ሌላው ሲ ስድስት ካልሆነ አይሆንም ይላል። ጎረቤታችን የሁለቱንም ወገን ክርክር ይዞ እያንዳንዳችንን ደረጃ ላይ ያቆም ነበር። የዋጋ ንረት የሚያወሩ ሰዎች እንኳ እሱን ሲያዩ መንገድ ቀየሩ።

ሆኖም በዚህ ሁሉ መሐል አንድ እውነተኛ ነገር አገኘ፤ ያገኘውም በድንገት ነው። ሲ ስድስት ከወፍራሙ ክር ሲጀመር ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው። አንድ ማታ ብረቱን አስቀምጦ ክሮቹን ዝም ብሎ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲነካካ ሚስቱ ከወጥ ቤት «ትዝታ ነው?» አለችው። ልክ ናት። የትዝታ ቅኝት አምስት ኖታ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሀዋዮቹ የቃኙት ጊታር ከአምስቱ አራቱን ሳይጠየቅ ይሰጣል። የቀረችው ሬ ብቻ ናት፤ እሷም ከዶ ክር ሁለት መስመር ከፍ ብላ ትገኛለች። ክሮቹም እንደ ካሣ ተሰማና እንደ አስናቀች ወርቁ ክራር ስድስት ናቸው፤ አቀማመጣቸው ነው የተለየው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ባገኘ ማግሥት ሬን ይፈልግ ነበር። እሱ ግን ትዝታን ትቶ አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት በላፕ ስቲል ለምን ከባድ እንደሚሆን ያብራራልን ጀመር። አንቺሆዬ ለማንም ከባድ ነው፤ ያልሞከረው ሰው የሚያብራራው ሲሆን ይብሳል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ፣ ወደ አድማጮቹ ልምጣ፤ እኛም ብንሆን ከእሱ አልተሻልንም። በብሎካችን ጊታር ይዞ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ምክር የሌለው ሰው ግን አላየሁም። ጡረታ የወጡት መምህር ዋናው ተቃዋሚ ሆኑ። «ባህላችንን በፈረንጅ ብረት ይበርዛል» ይላሉ። እሱም የሰማውን ሁሉ የሚይዝ ነውና የናይጄሪያውን ኪንግ ሰኒ አዴን አመጣባቸው፤ ሰኒ አዴ ባለ ፔዳሉን ስቲል ጊታር ከከበሮው መሐል አስገብቶ ጁጁ ሙዚቃን ለዓለም አሰምቶበታል፣ ዮሩባነቱ ግን አልጎደለም። ሕንዶቹን አመጣባቸው፤ ሕንዳውያን በዚሁ ጊታር ራጋ ይጫወቱበታል። መምህሩ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና «እነሱ ሌላ ናቸው» ብለው ክርክሩን አሸነፉ።

ማሲንቆ ያላት አገር ሰው በሚሳብ ድምፅ መደናገጡ ግን ይገርመኛል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ የፈረስ ጭራ። አንገቷ ላይ ምንም መስመር የለም። የጌታመሳይ አበበ ጣት የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የነገረው ጆሮው ነው እንጂ ምልክት አይደለም። ላፕ ስቲል ቢያንስ መስመር አለው፤ መስመሩ ግን እንደ ሌላው ጊታር ክሩን አይቆርጥለትም፣ «እዚህ አካባቢ ነው» ብቻ ይለዋል። ብረቱ ልክ በመስመሩ አናት ላይ ካልዋለ ኖታው ይጎድላል ወይም ያልፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጎረቤታችን ወደ ኖታው ሳይደርስ ቆሞ ዓይኑን ሲጨፍን፣ የቀረችውን ያህል እኛ በልባችን እንገፋለታለን።

ሌላው የምክር ዓይነት ትሉ ነው። አገራችን ውስጥ ለጀማሪ ሁሉ የሚታዘዝ ትል አለ፤ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ዛፍ ሥር ያየው፣ እየወደቀ እየተነሣ በሰባተኛው ጫፍ የደረሰው። ፈተና ለወደቀ፣ መንጃ ፈቃድ ለከለከሉት፣ እንግሊዝኛ ለጀመረ ይሄው ትል ይነገራል። ለጎረቤታችንም በየተራ ነገሩት። ሁሉም የነገረው በቅንነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተረሳ፤ ትሉ ዛፉን ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም፣ ከቅርንጫፉ ሥርም ተከራይ አልነበረም።

ለማንኛውም ከገና በኋላ የምር ልምምድ ተጀመረ፤ ይህን መመስከር አለብኝ። መጀመሪያ ብረቱን ይጫናል። ጀማሪ ሁሉ ይጫናል፤ ሥራ የሠራ የሚመስለው ሲጫን ነው። ብረቱ መጋደም ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲጫን ክሩ ይብስ ይወጠርና ኖታው ከልኩ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ከብረቱ ኋላ ያሉት ጣቶች ክሮቹ ላይ አርፈው ትርፍ ድምፁን ማፈን አለባቸው፤ የቀኝ እጅ መዳፍም ያልተፈለጉትን ክሮች ማስተኛት አለበት። የላፕ ስቲል ግማሽ ሥራ ዝም ማሰኘት ነው። ይህን ሲሰሙ እማማ «እሱን አጥንቶ ቢሆን ኖሮ» አሉ።

ከሁሉ ቀድሞ የተካነው ግን ማንቀጥቀጡን ነው። ብረቱን ኖታው አጠገብ ወዲያና ወዲህ ማንቀጥቀጥ ድምፁ ላይ ነፍስ ይዘራበታል፤ በልክ ሲሆን። የእኛው ሰው ኖታውን ሲስተው ያንቀጠቅጣል፤ የት እንደቆመ እንዳይታወቅ። ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ሲጠፋው «ማለት ነው፣ ማለት ነው» እያለ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ኃላፊ አይታችኋል፤ ልክ እንደዚያ። ለሦስት ኖታ የሚበቃ ዜማ በአርባ መንቀጥቀጥ ይሄዳል፣ ሲያልቅ ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

ግንቦት 1 ደረሰ። ልደታ በሰፈሯ ልደታ እንዴት እንደምትከበር ላስረዳ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሞልቷል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየብሎኩ ሥር መዋጮው ተዋጥቶ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ተሰብስቦ ይበላል። ፎቅ ከገባን ወዲህ ስማችንን የምንጠያየቅባት አንዲት ቀን ይህች ናት። ወጣቶቹ ለተንኮል ይሁን ለፍቅር እንጃ፣ ጎረቤታችን እንዲጫወት ጠየቁት። ሊለመን የሚገባውን ያህል ተለመነና ወረደ። ወንበር ተመረጠ፣ ብዙ ወንበር ተጣለ፤ ለአምፑ፣ ለጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ከሁለተኛ ፎቅ በኤክስቴንሽን ተሳበ። መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ትዝታን ጀመረ። አራቱ ኖታዎች መጡ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሆነው መጡ። እማማ ሳይቀሩ ንፍሮውን ከእጃቸው ወደ አፋቸው አላስገቡም። ብረቱ ወደ ሬ መንገድ ሲጀምር መብራት ሄደ።

የእሱ ላፕ ስቲል ድፍን እንጨት ነው፤ እንደ ክራር የሚያስተጋባ ሆድ የለውም። አምፑ ሲጠፋ የሚቀረው ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው ብቻ የሚሰማው ጭረት ነው። እሱ ግን አላቆመም። ዓይኑን እንደጨፈነ ብረቱን ወሰደ፣ አመጣ፣ አንቀጠቀጠ፣ ደመደመ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከልቡ ነው ያጨበጨበው። መምህሩ ተነሥተው «አሁን ገና ገባህ» አሉት። ከዚያ አንዷ ልጅ ከበሮ አመጣችና ጨዋታው ያለ መብራት ቀጠለ።

ሬ ተገኝታ ይሁን ሳትገኝ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ችግሩ የት እንዳለ ደረሰበት። መሣሪያው ነው። ላፕ ስቲል ጠባብ ነው፣ አንድ ቅኝት ላይ ያስራል፤ ለኛ ቅኝቶች የሚሆነው ባለ ፔዳሉ ነው፤ አሥር ክር፣ በእግር የሚረገጡ ሦስት ፔዳሎች፣ በጉልበት የሚገፉ አራት ማንሻዎች። ከነሳጥኑ ከአንድ ሻንጣ ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል የአጎቱ ልጅ ከአሁኑ ዘመድ ሁሉ ትእዛዙን እንዲቀንስ መልእክት አስተላልፏል። ላፕ ስቲሉ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ቪዲዮው እንደገና ተጀምሯል። በዚያ ሰሞን ደረጃ ላይ አግኝቶን ስለ ፔዳሎቹ አረጋገጥ ሲያስረዳን እማማ ዘምቢላቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«እስካሁን በእጅህ ብቻ ነበር ልጄ» አሉት። «አሁን ደግሞ በእግርህም ልትመጣብን ነው?»